ረቡዕ ምን በሉ?

አዋሽ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኑርሀያት፤

እንደምን ሰነበትሽ? የሰመራ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እግርሽ ማበጡን ተወልሽ ወይ? እኔ እንደምታውቂኝ ነኝ። ጆሮዬ ጭራሹን ተዘግቷል። ባለፈው መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ሰፈሩ በሙሉ እየጮኸ ሲሮጥ እኔ ሻይዬ ከብርጭቆው ለምን እንደፈሰሰ እየመረመርኩ ነበር። ተሳቀብኝ። ይሳቅብኝ፤ በዚህ ሰሞን የሚያስቅ ነገር ብዙ የለንም።

ዓረፍተ ነገሮችሽን አርሜ ልኬልሻለሁ። በሰማያዊ ያረምኩት ቀዩ እስክሪብቶ አልቆብኝ ነው እንጂ ራርቼልሽ አይደለም። ከአሥሩ ሰባቱን አግኝተሻል። ያንን ፎቶ ኮፒ ቤት ትተሽ የመሥሪያ ቤት እንግዳ መቀበያ ላይ መቀመጥ ካማረሽ ግን ለፈተናው ሰባት አይበቃሽም።

የዚህ ወር የእንግሊዝኛ ቃልሽ "ቱጌዘር" ይሁን ብለሻል። ደህና መርጠሻል። ትርጉሙ "አብሮ"፣ "አንድ ላይ" ነው። ለመኖር ቢያንስ ሁለት ይፈልጋል፤ ሁለት ሰው፣ ሁለት ፍየል፣ ሁለት የተሰነጠቀ የሳህን ቁራጭ ሊሆን ይችላል። እንግሊዞቹ ለብቻው አቁመው ይናገሩታል። እኛ ግን ብዙ ጊዜ በግሱ ሆድ ውስጥ እንይዘዋለን። ተቃቀፉ፣ ተጫወቱ፣ ተላቀሱ ካልን ሌላ ሰው መኖሩ ታውቋል። "ብቻዋን ተላቀሰች" ብሎ የጻፈልኝን ተማሪ ዜሮ ነው የምሰጠው። አሥር ዓረፍተ ነገር ሥሪበት። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር"ን እንዳትተረጉሚልኝ ብቻ አደራ፤ ሠላሳ አራት ዓመት ሳስተምር እሷን ያላመጣልኝ ተማሪ የለም።

ስለ እናትሽ ለጠየቅሽኝ፦ ስልኳ አይሠራም ያልሽው እውነት ነው። መንቀጥቀጡን ፈርታ ወሎ ወንድሟ ዘንድ ሄዳለች፣ ትላለች ሰኢዳ። እዚያ ገጠር ኔትወርክ የለም፣ ትላለች ሰኢዳ። ሰላም ብላሻለች፣ ትላለች ሰኢዳ።

ደብዳቤውን እንደ ወትሮው በለጠ በሚኒባሱ ይዞልሽ ይመጣል። ስታነቢው ቁጭ ብለሽ ይሁን። ውሃ ጠጪ።

መምህርሽ ኃይለ ልዑል


አዋሽ፣ በዚያው ቀን (ያልተላከ)

ኑርሀያት ልጄ፤

ይህኛውን አልልከውም፤ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። አንድ ቦታ ላይ እውነቱን ካልጻፍኩት ግን እጄ ከእንግዲህ እምቢ ሊለኝ ነው።

እናትሽ ኡሙሀኒ ሰኞ ጥቅምት 11 ቀን ረፋድ ላይ አረፈች። መናኸሪያው በር ላይ እንደ ልማዷ ሳንቡሳ እየጠበሰች ነበር። "ደከመኝ" ብላ ዱካዋ ላይ ተቀመጠች፤ ዘይቱ ከእሳቱ ሳይወርድ ሄደች። ከቀትር በኋላ ቀበርናት። እኔም ከወንዶቹ ጋር ተራዬን ተሸክሜያለሁ።

ከቀብር ስንመለስ ጎረቤታችን ሰኢዳ ሰፈሩን ሁሉ በር ላይ አቆመችው። "ልጅቱ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች" አለች። "ከዚህ በፊት ሁለቱ አልቆሙላትም። ባሏ ከነመኪናው ጅቡቲ ነው። ሰመራ ላይ እናት የላት፣ እህት የላት፣ ማን አቅፎ ያርዳታል? ሳትወልድ አትሰማም። ስትወልድ ደግሞ ሁላችንም ሄደን ነው።" ሁሉም ተስማማ። ይህን ሁሉ የነገረኝ ፀጉር ቆራጩ ተክለ ማርያም ነው፣ በወረቀት ጽፎ። ሰኢዳ ራሷ ደግሞ መጥታ በጆሮዬ ጮኸች፤ "ጋሽ ኃይሌ፣ አንቱ መዋሸት አታውቁም! ስለ እንግሊዝኛው ብቻ ጻፉላት!"

ትክክል ናት። መርዶ ለብቻ ሰው አይነገርም። አባቴን ያረዱኝ ጊዜ አሥራ ሁለት ሰው ነው ማለዳ በሬ ላይ የቆመው፤ ስወድቅ መሬት አልነካሁም። ይህን እያወቅሁ አንቺን በወረቀት አልገድልሽም።

የከበደኝ ሌላ ነው። ከእናትሽ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት ተጎራብተናል። ሥጋችን አይገናኝም፤ የእሷን እኔ፣ የእኔን እሷ አንበላም። ስለዚህ የእኔ ጾም ቀን የሁለታችን ማዕድ ሆነ። ረቡዕና ዓርብ ሥጋም ቅቤም ነክቷት በማታውቅ ትንሽ ድስት ሽሮ ትሠራለች፤ ከአንድ ትሪ እንበላለን። ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ከመሀላችን ተቀምጠሽ ነው ያደግሽው።

ዛሬ ዓርብ ነው። ድስቷ ሰኢዳ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች።

ኃይለ ልዑል


ሰመራ፣ ጥቅምት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ መምህሬ ለጋሼ ኃይለ ልዑል፤

እንደምን ከርመዋል ጋሼ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እግሬ ቀንሶልኛል። የዱብቲዋ አዋላጅ "መቆም አታብዢ" ብላኛለች፤ አሠሪዬም አዝኖልኝ ወንበር ገዝቶልኛል፤ አሁን ተቀምጬ ነው የሰው መታወቂያ ኮፒ የማደርገው። አብዱልሰመድ ወደቡ ላይ ወረፋ ይዞ እንደቆመ ነው። በደወለ ቁጥር "ነገ እጭናለሁ" ይላል። ነገው አላልቅ ብሏል።

ማን አለሽ ቢሉኝ፣ አፍናን አለችልኝ። የዚሁ አገር ልጅ፣ አፋር ናት፤ ከግቢያችን በር ላይ ሻይ በወተት ትሸጣለች። ውሃውን የምትቀዳልኝ እሷ ናት። ባለፈው ሳምንት አጎቷ ከአዋሽ በኩል ፍየል ይዞ መጥቶ ነበር። የእነሱን ሰላምታ አይተውት ያውቃሉ? እንግዳው ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ ከዚያ የት ዘነበ፣ የማን ግመል ወለደች፣ ማን አገባ፣ ማን ታመመ ይሉታል፤ እሱም ያየውንና የሰማውን ሳያስቀር ይናገራል። ዳጉ ይሉታል። እሱ ሳያልቅ ውሃ እንኳ የሚጠጣ የለም። ወሬ ደብቆ መሄድ ለእነሱ ትልቅ ነውር ነው። እኔም በሩ ላይ ተቀምጬ እሰማ ነበር፣ ቋንቋውን ባልችልም።

ዓረፍተ ነገሮቼን በሌላ ወረቀት አያይዣለሁ። የወደድኳቸውን ግን በአማርኛ እዚህ ልጻፋቸው። "እኔና አፍናን ውሃ አብረን እንጠብቃለን።" "እኔና ልጄ አብረን አንተኛም፤ እኔ ስተኛ እሱ ይነሳል።" "እናቴና መምህሬ ረቡዕና ዓርብ አብረው ይበላሉ።"

ልክ ናቸው?

ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። የእማን መስገጃ ይላኩልኝ። የእኔ ስስ ናት፣ ጉልበቴ አልችልም አለ። የእሷ ወፍራም ነው። ከሳጥኑ ላይ ተጠቅልሎ ነው የሚቀመጠው።

ረቡዕ ምን በሉ?

ልጅዎ ኑርሀያት


አዋሽ፣ ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኑርሀያት፤

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። መቆም አታብዢ ያለችሽን አዋላጅ ስሚያት። አብዱልሰመድንም ከልብሽ አትቀየሚው፤ ወደብ የሚጠብቅ ሰው የራሱ ጌታ አይደለም።

ዓረፍተ ነገሮችሽ ከአሥሩ ስምንት። አራተኛውን ሰርዤዋለሁ። "ብቻዬን ከሐሳቤ ጋር አብረን ተቀመጥን" ያልሽው ለግጥም ይሆናል፣ ለፈተና ግን አይሆንም። ሐሳብ ሰው አይደለም። ሦስተኛውን፣ ማለትም ስለ ረቡዕና ዓርብ የጻፍሽውን፣ አላረምኩትም። ስህተት የለበትም።

ቃሉን ለመለማመድ አዋሽ በአሁኑ ሰዓት ጥሩ ክፍል ሆናለች። መንቀጥቀጡ አልቆመም። ሰው ቤቱን እየተወ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ሸራ ወጥሯል፤ ተክለ ማርያም መስታወቱን ዛፍ ላይ ሰቅሎ እዚያው ፀጉር ይቆርጣል። ዓመት ሙሉ በአጥር ሲካሰሱ የነበሩ ሁለት ጎረቤቶች አንድ ሸራ ሥር ገብተዋል። አጥሩ ወድቋል፤ የሚካሰሱበትም የለ።

መስገጃውን ልኬልሻለሁ። ሰኢዳ ገበያ ሄዳ ስለነበር የቤታችሁን ቁልፍ ከልጇ ተቀብዬ ራሴ ነኝ ከሳጥኑ ላይ ያነሳሁት። ጫማዬን አውልቄ ነው የገባሁት፣ እናትሽ እንደምትወደው። በለጠ ከኋላ ወንበር ሥር እንዳይጥለው አስምዬዋለሁ።

ረቡዕ ምን በሉ ላልሽው፣ በልቻለሁ።

ኃይለ ልዑል


ሰመራ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ጋሼ፤

መስገጃው ደረሰኝ፤ አላህ ይስጥልኝ። በለጠ ጭኑ ላይ አስቀምጦት ነው የመጣው፣ እንደ ታቦት ብሎ ሊስቅ ፈልጎ ፊቴን ሲያይ ተወው። እንዳልታጠበ ነው። አንዱ ጠርዙ የሳንቡሳ ዘይት ይሸታል። አጥቤ ላስጣው አሰብኩና አልቻልኩም።

እማ መንገድ ስትወጣ መስገጃዋን ትታ ሄዳ አታውቅም። ተቻኩላ ይሆናል። መሬት ሲንቀጠቀጥ ሰው ምኑን ያስታውሳል። ስለዚህ አይጨነቁ፣ ልክ ነዎት፣ ደግ አድርገው ነው የላኩልኝ።

የእርስዎ የነቢያት ጾም ገባ አይደል? ድሮ በዚህ ሰሞን አርባ ሦስቱንም ቀን አብራችሁ ትበሉ ነበር። "የኃይሌ ጾም እኔን አከሳኝ" እያለች ታማርርና ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ሳምንት ሙሉ ይከፋት ነበር። አሁን ሽሮውን ማን ይሠራልዎታል? እትዬ ሰኢዳ ጨው ታበዛለች። ይንገሯት፣ እሷ ቢነግሯት አትቀየምም።

አፍናን አሁን እኔ ዘንድ ነው የምታድረው። እጄን ይዛ ትቀመጣለች፣ ሲበቃት ሄዳ ሻይዋን ትጥዳለች።

ጥያቄ አለኝ ጋሼ። ቱጌዘርን አንድ ሰው ከሌለ ሰው ጋር ሊጠቀምበት ይችላል? ሩቅ ያለ ሰው ማለቴ ነው። ለምሳሌ እኔ መስገጃው ላይ ስቀመጥ እኔና እማ አብረን ነን ብዬ ብጽፍ ይሰርዙብኛል? በአራተኛው እንደሰረዙብኝ?

ረቡዕስ ምን በሉ? "በልቻለሁ" መልስ አይደለም። እርስዎ ነዎት "ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፊ" ብለው ያስተማሩኝ።

ኑርሀያት


አዋሽ፣ ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ኑርሀያት፤

ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይኸውልሽ። ረቡዕ ዕለት ትንሿን ድስት ከሰኢዳ ለምኜ ወሰድኩ፣ ሽሮ ሠራሁ፣ አረረብኝ፣ በላሁት። ስጨርስ ትሪውን አየሁት። ግማሹን ብቻ ነበር የበላሁት፤ በእኔ በኩል ያለውን። በወዲያ በኩል ያለው እንጀራ እንደተዘረጋ ነው። ረሀብ ሳይለቀኝ እጄ አልሻገርም አለኝ። ልማድ ነው።

ሰኢዳ ስለ መስገጃው ሰምታ ሁለት ቀን አኩርፋኝ ነበር። ጆሮው የማይሰማ ሰውን ማኩረፍ ልፋት ነው፤ በሦስተኛው ቀን ራሷ መጥታ "ተኳርፈናል እኮ!" ብላ ጮኸችብኝ። ለምን እንደተቆጣች ያኔ ገባኝ። ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ኡሙሀኒ ያለ መስገጃዋ መንገድ እንደማትወጣ ማሰብ ነበረብኝ። እኔ የማውቀው የድስቷን ነገር ብቻ ነው። ይህን ደብዳቤ ሰኢዳ ሳታየው ነው የማሽገው።

ጥያቄሽን ስመልስ፦ ይቻላል። አልሰርዘውም። አራተኛውንም መልሼ ልክ ብዬዋለሁ፤ ዘጠኝ ሆኖልሻል። ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማርኩት ቃል ነው፤ ለካ ሁለቱም ሰዎች መኖር አለባቸው ያልኩት በጥናት አልነበረም።

ስትወልጂ የምነግርሽ ነገር አለ። አሁን አትጠይቂኝ። ተማሪ ጥያቄ አንስቶ "አትጠይቁኝ" ብዬ አላውቅም፤ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። አፍሬያለሁ፣ ይቅር በይኝ። ሆድሽን ጠብቂልን። "ጠብቂልን" ያልኩት ብዙ ስለሆንን ነው፤ ከምታስቢው በላይ ብዙ ነን።

ኃይለ ልዑል


ሰመራ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ጋሼ ኃይለ ልዑል፤

ሐሙስ ዕለት ዱብቲ ሆስፒታል ሴት ልጅ ወለድኩ። ደህና ናት፣ እኔም ደህና ነኝ። ቀይ ናት፣ ጮማ ናት፣ ስታለቅስ እርስዎም ሳይሰሟት አይቀሩም። አብዱልሰመድ በዋዜማው ደረሰልኝ። አቅፏት ወጣና መኪናው ጀርባ ቆሞ ሲያለቅስ በመስኮት አየሁት። የደስታ ይመስለኛል ብዬ ብጽፍ ይቀለኛል። ግን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ብለውኛል።

ጋሼ፣ አውቃለሁ። ካወቅሁ ሁለት ወር ሆኖኛል።

የአፍናን አጎት ከአዋሽ የመጣ ዕለት ነው። ጥላው ሥር ተቀምጦ ሁሉን ተናገረ፤ ዝናቡን፣ የተሰነጠቀውን መሬት፣ የግመሎቹን ነገር። በመጨረሻ መናኸሪያው በር ላይ ሳንቡሳ የምትሸጠዋ የወሎ ሴት ተቀበረች፣ ልጇ ሰመራ ናት ይላሉ፣ አለ። እኔ መሆኔን አያውቅም። ቋንቋውን አልሰማሁም፣ የአፍናንን ፊት ግን አየሁት። ሰው ሲበተን ወደ እኔ መጣች። "በእኛ ዘንድ ወሬ ይዞ ዝም ማለት ነውር ነው" አለችኝ። "እናንተ ደግሞ ሌላ ወግ አላችሁ። በየትኛው ልያዝሽ?" አለችኝ።

በእናንተው፣ አልኳት። ነገረችኝ።

አልጮኽኩም። ሆዴን ይዤ ተቀመጥኩ። አፍናን "አልቅሺ" ስትለኝ "የእኔ ሰዎች ሳይመጡ?" አልኳት። ከዚያ የእርስዎን ደብዳቤ አውጥቼ ደግሜ አነበብኩት። "ትላለች ሰኢዳ" የሚለውን ሦስቴ አገኘሁት። በጆሮዎ እየጮኸች ታየችኝና ያን ቀን እንኳ ሳቅሁ፤ አላህ ይማረኝ። እናንተ ለእኔ ብላችሁ ይህን ሁሉ ተሸክማችሁ እኔ እንዴት ብዬ ላፍርሰው? ማወቄን ብናገር እትዬ ሰኢዳ "በወሬ ሰማች፣ ብቻዋን ሰማች" ብላ ራሷን ትገድላለች። ስለዚህ እናንተ ደበቃችሁኝ፣ እኔም ደበቅኋችሁ። አብዱልሰመድም ያውቃል፤ ማወቄን ግን አያውቅም፤ እስኪነገረኝ እየጠበቀ በየጥጉ ያለቅሳል።

እንባማ ፈሶኛል ጋሼ። መስገጃው ያውቃል። ግን አልተላቀስኩም። ብቻዋን ተላቀሰች ብሎ የጻፈ ዜሮ ነው ብለውኛልና።

ሌላም ልንገርዎ። ረቡዕ ምን በሉ እያልኩ ስጠይቅዎ ስለ እማ ልሰልልዎ አልነበረም። የእማን አውቃለሁ። የጠየቅሁት ስለ እርስዎ ነው። ሐዘንተኛ እኮ እርስዎም ነዎት። ሰፈሩ ሁሉ እኔን ስለ መጠበቅ ሲመክር እርስዎን "እግዜር ያጽናዎት" ያለ ሰው መኖሩን እንጃ።

አሁን ኑና አርዱኝ። እትዬ ሰኢዳን፣ ጎረቤቱን፣ ሁሉንም ይዘው፣ በማለዳ፣ እንደ ወጉ። ምንም እንዳላወቀ ሰው ሆኜ በሩን እከፍታለሁ። ማወቄን ለእትዬ ሰኢዳ እንዳይነግሩብኝ፤ የተሸከመችውን በእጇ ታውርደው።

የልጅቷ ስም አልወጣም። አባቷ ሰባተኛው ቀን አያልፍም ይላል፤ እኔ ግን ያሰብኩትን ስም መርዶዬን ሳልሰማ መጥራት አልችልም። ስለዚህ አትዘግዩብኝ።

ልጅዎ ኑርሀያት


አዋሽ፣ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ኑርሀያት፤

እንኳን ማርያም ማረችሽ። የአንቺን ወግ ባላውቅ በራሴ ወግ ነው የምልሽ።

ደብዳቤሽን ለማንም አላሳየሁም። ጠቅልዬ መሳቢያዬ ውስጥ፣ ከአንዲት ያልላክኋት ደብዳቤ ጋር አስቀምጬዋለሁ። ስመጣ ያቺን አመጣልሻለሁ፤ ያንቺ ናት።

ማንም አላጽናናኝም ያልሽው እውነት ነው። እኔም መጽናናት እንደሚገባኝ ያወቅሁት አንቺ ስትጽፊልኝ ነው። ወረቀቱን ይዤ በጠራራ ፀሐይ በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ ተክለ ማርያም አይቶኝ መቀሱን እንደያዘ መጣና አብሮኝ ቆመ።

ሰፈራችን ተበትኖ ነው የሰነበተው። መንቀጥቀጡ ስለባሰ ግማሹ ወደ መጠለያ፣ ግማሹ ወደ ዘመዱ ሄዷል። ሰኢዳ መውለድሽን በሰማች ዕለት በየመጠለያው ዞራ ሰበሰበችው። አሥራ አራት ሆነናል። በለጠ ሚኒባሱን ሰጥቷል። ማክሰኞ እንነሳለን፣ ሎጊያ የሰኢዳ እህት ዘንድ አርፈን ረቡዕ ማለዳ አንቺ ዘንድ ነን። ስሙ አንድ ሳምንት ቢዘገይ አባቷ ይታገሥ። ቀኑን ረቡዕ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ምክንያቱን ለማንም አልነገርኩም። ትንሿ ድስት ከእኔ ጋር ናት። ከለቅሶው በኋላ ሽሮውን አፍናን እንዳታቃጥልብኝ አንቺው አዘሽ ታሠሪልኛለሽ፤ ከአንድ ትሪ እንበላለን።

ሰኢዳ በሩ ላይ የምትለውን መንገዱን ሙሉ ስታጠና ትመጣለች፤ ሳታቋርጫት ስሚያት። አንድ ነገር ብቻ ለምኜሻለሁ። እኔ እርምጃዬ ቀርፋፋ ነው፤ ከሚኒባሱ መጨረሻ የምወርደው እኔ ነኝ። በሩ ሲንኳኳ በመስኮቱ እዪ። እኔ ሳልደርስ እንዳትከፍቺ።

መምህርሽ ኃይለ ልዑል